የእግዜር አውራ ጣት

«እግዜር መስታወት አይገጥምም!»

«ይገጥማል!»

«አይገጥምም አልኩህ! ስቱኮ ከየት ያመጣል?»

«ሰማይ ላይ ምን ይጠፋል?»

«መዶሻስ?»

«አንቺ ደግሞ! እግዜር መዶሻ ምን ያደርግለታል? በቃሉ አይደል እንዴ የሚሠራው?»

«በቃሉ ከሆነ ታዲያ ስቱኮው ምን ሊሠራ መጣ?»

እዚህ ላይ ተያዝኩ። ምላጭ እንዲህ ናት። ስሙ የወጣላት በከንቱ አይደለም፤ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሆና ምላሷ አዋቂ ይላጭ ነበር። እኔ ደግሞ ሽቦ ነበርኩ። ስምንት ዓመቴ ነው፤ ቀጭን፣ ጠማማ፣ በገባሁበት ሁሉ የሰው ልብስ የምቀድ።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነው። ከጸሎት ቤቱ አዳራሽ ጀርባ ቆመናል። አምስት የሰፈር ልጆች ከበውናል፤ እያንዳንዳቸው በእጃቸው አንድ አንድ ብይ ይዘዋል። ውላችን ግልጽ ነው። እኔ ዛሬ አንድ መስታወት እሰብራለሁ፣ እግዜር ሌሊቱን ይገጥመዋል፣ እነሱ ነገ ጠዋት መጥተው ያያሉ፣ ብዩም የኔ ይሆናል። እግዜር ካልገጠመው ግን ያለኝን ብይ በሙሉ እሰጣቸዋለሁ። ምላጭ ብይ አልያዘችም። ገበያዬን ልትበጠብጥ ነው የመጣችው።

«ይኸውልሽ!» አልኩና ከመስኮቱ ጥግ ላይ ጣቴን ቀሰርኩ። «አሻራውን እዪ!»

እውነትም መስታወቱን ከመስኮቱ ጋር ያጣበቀው ስቱኮ ላይ የአውራ ጣት አሻራ ነበር። የኔን ጣት ሦስት ያክላል። መሐሉን ደግሞ አንድ መስመር አግድም ሰንጥቆታል፣ ልክ ማሳ አቋርጦ እንደሚያልፍ መንገድ።

«የማን ነው ይሄ? የኔ ነው? ያንቺ ነው?»

ምላጭ ቀረብ ብላ አየችው። ከንፈሯን ነከሰች። ዓይኗ እንባ ሞላ። እኔ «ረታኋት!» ብዬ ደረቴን ነፋሁ።

«ሽቦ» አለች በቀስታ። እንዲህ በቀስታ ስትናገር ሰምቻት አላውቅም። «በእናትህ አትወርውር።»

ጉዱን ከሥሩ ልንገራችሁ።

እናቴ የጸሎት ቤቱ ጽዳት ነበረች። መጥረጊያዋ፣ ባልዲዋና እኔ፣ ሦስታችን ከአዳራሹ ጀርባ ባለች አንዲት ክፍል እንኖር ነበር። ክፍሏ የተሰጠችን ከሥራው ጋር ነው። ሥራው ከሄደ ክፍሏም ትሄዳለች። አባቴን አትጠይቁኝ፤ እኔም ጠይቄ መልስ አላገኘሁም።

እኔ ደግሞ አርፌ የምቀመጥ ልጅ አልነበርኩም። የመዘምራኑ ከበሮ ውስጥ እንቁራሪት የከተተው ማነው? እኔ። ማይኩን «ሄሎ፣ ሄሎ፣ እግዜር ነኝ» ብሎ ከመድረክ የጣለው ማነው? እሱም እኔ። ከማይኩ በኋላ የኮሚቴው ሰብሳቢ በራችን ላይ መጥቶ ቆመ። ረጅም ሰውዬ ነው፣ ሳይናገር በፊት ሁለቴ የሚያስል።

«እህቴ» አላት፣ «ልጅሽን አልጠላውም። ግን ከእንግዲህ እዚህ ግቢ ውስጥ አንድ ዕቃ ቢሰበር ክፍሏን ታስረክቢያለሽ። ኮሚቴው ወስኗል።»

እናቴ «እሺ» አለች። ከዚያ የወለሉን ጨርቅ መጭመቅ ጀመረች። ጠብ የሚል ውሃ አልነበረውም፤ እሷ ግን ዝም ብላ ትጨምቃለች። ያን ጨርቅ እስከዛሬ አልረሳውም። የምንሄድበት ቤት እንደሌለን የገባኝ ከጨርቁ ነው።

ታዲያ በሦስተኛው ቀን ምን ሆነ? አጥሩ ላይ ቆርቆሮ አስቀምጬ በወንጭፍ ስመታ ድንጋዩ ቆርቆሮውን ሳተና የአዳራሹን የጀርባ መስኮት አገኘው። ኳ!

ክው አልኩ። አካባቢውን ቃኘሁ፤ ሰው የለም። ስብርባሪውን ለቃቅሜ ቧንቧው ጋ ቀበርኩት። ራት አልበላም ብዬ ተኛሁና ብርድ ልብሱ ውስጥ ተሸፍኜ ጸለይኩ። «እግዜር ሆይ፣ ነገ እንዳይነጋ አድርግ። እሱ ከከበደህ መስታወቱን ግጠመው።»

ነጋ። እሱማ እንደማይቀር ጠርጥሬ ነበር። ተንፏቅቄ ወጣሁና ቀና ብዬ አየሁ።

መስታወቱ አለ!

አለ ስላችሁ፣ ሙሉ ነው። ፀሐይ ልትወጣ ስትል ያለው ብርሃን አርፎበት ያብረቀርቃል። ቧንቧው ጋ ሄጄ ጫርኩ፤ ስብርባሪውም አለ። ሁለቱም አሉ! የተሰበረውም አለ፣ ያልተሰበረውም አለ። ተመልሼ ነካሁት፤ ይቀዘቅዛል። አሸተትኩት፤ ዘይት ዘይት ይሸታል። አፌን ከፍቼ እዚያው መሬት ላይ ተቀመጥኩ። እኔን፣ እንቁራሪት ከታቹን፣ እግዜር ሰማኝ! ጠርቶ ሳይቆጣኝ፣ «ሁለተኛ እንዳይለምድህ» እንኳን ሳይለኝ፣ ዝም ብሎ ገጥሞልኝ ሄደ!

ዛሬ ሃያ አራት ዓመቴ ነው። ትምህርት አልሆነልኝም፣ ከአምስተኛ ክፍል ነው የወጣሁት፣ ግን ዓይኔ ብዙ አይቷል። እንደዚያ ጠዋት ያስደነገጠኝ ነገር ግን የለም።

እንግዲህ ሌላ ልጅ ቢሆን አመስግኖ አርፎ ይቀመጣል። እኔ ነኝ'ኮ! «ደግሞ ይሠራ ይሆን?» አልኩ። በሳምንቱ ከጎኑ ያለውን አነጣጥሬ መታሁት። ጠዋት ተገጥሟል። እናቴ ወንጭፌን ፈልጋ ምድጃ ውስጥ ከተተችው። ከዚያ በኋላ በእጄ ሆነ። ሁለቱ አጋጣሚ ቢሆንስ ብዬ ሦስተኛውን ደገምኩ። እሱም ተገጠመ፣ ያውም ከነአሻራው! እስከ ቅዳሜው ውርርድ ድረስ ለማንም አልተናገርኩም። እንዲህ ያለ ሐሳብ በጭንቅላቴ ውስጥ እንዳለም ማንም አልጠረጠረም።

ከአጥሩ ማዶ የምላጭ አባት ይኖራል። መስታወት ገጣሚ ነው፤ ጋሼ ነው የምንለው። በዚያ ሰሞን ግን መስታወት ከገበያ ድርግም ብሎ ጠፍቶ ነበር። ጋሼ ሥራ ፈትቶ በሩ ላይ ተቀምጦ የሰው ወንበር ይጠግናል። ቤታቸው አንድ ክፍል ነው፣ ያለውም አንድ መስኮት ነው። የዚያ መስኮት መስታወት ደግሞ አንድ በአንድ እየጠፋ በቦታው የሳሙና ካርቶን እየገባበት ነበር። እኔ ይቺን አግኝቼ እለፋታለሁ? ምላጭን በመንገድ ባየኋት ቁጥር፣

«አባትሽ የሰው መስኮት ይገጥማል፣ የራሱን ግን በሳሙና ካርቶን!» እላታለሁ።

አንድ ቀን በድንጋይ ግንባሬን ፈነከተችኝ። ጠባሳው ይኸው አለ።

የአዳራሹንና የጋሼን መስኮት የሠራው አንድ አናጺ ነው። ልካቸው በፀጉር አይበላለጥም። ይሄን ያወቅኩት ከዓመታት በኋላ፣ በራሴ ሜትር ለክቼ ነው። ያኔ የሚለካም የሚያስብም ጭንቅላት አልነበረኝም።

አንድ ዓርብ፣ ገና ሳይመሽ፣ አልጋው ላይ ደብተሬን ዘርግቼ የማጠና መስዬ ጆሮዬን ሰቅያለሁ። እናቴና ጋሼ ከውጭ ቧንቧው ጋ ያወራሉ።

«ጋሼ፣ ልምታው?»

«አትምቺው።»

«ታዲያ በምን ይማራል?»

«እኔ እንጃ።»

ባልዲው ሲሞላ ይሰማኛል።

«እሷስ? እሷ ምን አለች?» አለች እናቴ።

«'ውሰደው፤ እኔ መንገድ አይቼ ጠግቤያለሁ' አለች። ስቃም ነበር።»

እናቴ አለቀሰች። እኔ ወዲያው ገባኝ፤ የጋሼ ሚስት ልትሞት ነው! እትዬ ከደረጃ ወድቃ ወገቧ ከተጎዳ ሁለት ዓመት አልፏታል፤ ከአልጋ አትነሳም። «መንገድ አይቼ ጠግቤያለሁ» ያለ ሰው ሊሞት ነው እንጂ ሌላ ምን ሊሆን ነው? ምላጭ አሳዘነችኝ። በማግስቱ ጠዋት ሄጄ አንዷን ሰማያዊ ብዬን ሰጠኋት። «ምንድነው?» አለችኝ። «አይዞሽ» አልኳት። እንደ እብድ አየችኝ።

ይሄው እንግዲህ ቅዳሜ ነው። ያን ቀን ከሰዓት ነው አምስቱን ልጆች ሰብስቤ የቆምኩት፣ ምላጭም «በእናትህ አትወርውር» ያለችኝ።

«ፈራሽ!» አልኳት።

«አልፈራሁም። አንድ ናት የቀረችው።»

«ምኗ?»

አፏን በሁለት እጇ ያዘች። የሆነ ነገር አምልጧት ወጥቶ መልሳ ልትከተው የምትሞክር ትመስላለች። ልጆቹ ይስቃሉ። «ሽቦ ፈራ! ሽቦ በሴት ልጅ ተሸነፈ!» አለ ድቡልቡል፣ የዳቦ ጋጋሪው ልጅ። ከዚህ በኋላማ ማን ያቆመኛል? ወረወርኩ።

ኳ!

ምላጭ አልጮኸችም፣ አልሰደበችኝም። «አሁን ጨለመባት» አለችና ሄደች። ሰማዩን አየሁ፤ ፀሐይዋ አናታችን ላይ ናት።

እሑድ ጎህ ሲቀድ ተነሳሁ። እግዜርን ሲሠራ ላየው ቆርጫለሁ። እናቴ አልጋው ላይ የለችም። ዝናብ ይዘንባል። የበራችን ጣውላ ላይ ቀዳዳ አለ፤ ዓይኔን ለጠፍኩበት።

ጋሼ በአጥሩ ክፍተት በኩል ይመጣል። የተቀደደ የዝናብ ካፖርት ለብሷል። በብርድ ልብስ የተጠቀለለ ነገር እንደ ሕፃን አቅፏል። እናቴ ከኋላው ላስቲክ ዘርግታ፣ ከራሷ ይልቅ እሱን፣ ከእሱም ይልቅ ያቀፈውን ታለብሳለች። መስኮቱ ጋ ደረሱ። ጋሼ ስብርባሪውን በጉጠት አንድ በአንድ ነቀለ። የድሮውን ስቱኮ ፋቀ። ከብርድ ልብሱ ውስጥ መስታወት አወጣ፤ በሸሚዙ ወለወለው፣ ወደ ብርሃኑ አነሳና በመስታወቱ ውስጥ ሰማዩን አየበት። ከዚያ አስገባው። ትንንሽ ሚስማሮቹን ቲክ፣ ቲክ አደረጋቸው፤ ዝናቡ ከመዶሻው ይልቅ ይጮሃል። ስቱኮውን በመዳፉ አድቦለቦለ፣ እንደ ገመድ አስረዘመና በጠርዙ ዙሪያ በአውራ ጣቱ አስኬደው። መጨረሻ ላይ ጥጉን ጫን አደረገ። የሚያስፈልግ ነገር አይደለም፤ ልማዱ ነው። ጣቱን ሲያነሳ አየሁት። መሐሉን የሰነጠቀ የድሮ የመስታወት ቁስል!

እንግዲህ እዚህ ላይ ብልጥ ልጅ ቢሆን «ለካ ጋሼ ነው!» ይላል። እኔ ግን ሌላ ነው ያልኩት። «ለካ እግዜር ጋሼ ነው!» አልኩ።

አትሳቁ። እግዜር ከአጥሩ ማዶ ነው የሚኖረው! ካፖርቱ የተቀደደ ነው! ያን ሁሉ ሰማይ ትቶ የሳሙና ካርቶን ያለበት ቤት ውስጥ ወንበር ይጠግናል! እኔ ደግሞ በቤቱ ስስቅ፣ ልጁን ምላጭ እያልኩ ስሰድብ ከርሜያለሁ! በሩን ከፍቼ እግሩ ላይ ልውደቅ ወይስ አልጋ ሥር ልግባ? አልጋ ሥር ገባሁ።

ዛሬ ከጋሼ ጋር ነው የምሠራው፤ መስታወት መቁረጥ ያስተማረኝ እሱ ነው። አንድ ቀን ሥራ ላይ እያለን «ያኔ ለምን ጆሮዬን ይዘው አልጠመዘዙኝም?» አልኩት።

«የመጀመሪያ ቀን ልጠመዝዝህ መጥቼ ነበር» አለኝ። «መሬት ላይ ተቀምጠህ አፍህን ከፍተህ መስታወቱን ታያለህ። ስንት ዓመት ስገጥም መስታወት አይቶ እንዲህ የሆነ ሰው አላጋጠመኝም። አሳዘንከኝና ተመለስኩ።»

«ሦስተኛው ላይስ?»

«ሦስተኛው ላይማ ልገልህ ነበር። እትዬህ ናት የከለከለችኝ።»

ወደ እሑዱ ልመለስ። ሰዉ ተሰበሰበ፣ ተዘመረ። ሰባኪው አንድ ሰዓት ሙሉ ስለ ጸጋ አስረዳ፤ ምን እንዳለ አልሰማሁም፤ እኔ የማየው ከመዘምራኑ ኋላ ያለውን መስኮት ነው። አምስቱ ልጆች በተራ ቀና እያሉ ያያሉ፤ ድቡልቡል አፉን መዝጋት አቅቶታል። ጉባኤው ሲያልቅ ሰብሳቢው እጁን ወደኋላ አጣምሮ አዳራሹን መዞር ጀመረ። እናቴ መጥረጊያዋን ይዛ በሩ ጋ ደርቃ ቀረች። መስኮቱ ጋ ሲደርስ ቆመ። ጎንበስ አለ። ጣቱን ጠርዙ ላይ አሳረፈ። ሁለቴ አሳለ።

«መስኮቶቻችን ሁሉ ደህና ናቸው» አለና መሐረቡን አውጥቶ ጣቱን ጠረገ።

ያኔ «አላወቀም! ተሸወደ!» ብዬ ነበር። አሁን ሙያዬ ነው። የዚያን ቀን የተለጠፈ ስቱኮ እጅ ላይ ይጣበቃል፣ ሽታውም ሩቅ ይሄዳል። ሰውዬው ጣቱን የጠረገው አቧራ ነክቶት አልነበረም። እንዳወቀ ኖረ፣ ሳይናገርም ሞተ።

ግቢ ውስጥ ልጆቹ አምስቱን ብዮች መዳፌ ላይ ዘረገፉልኝ። «ሽቦ፣ እግዜርን ታውቀዋለህ ማለት ነው?» አለኝ ድቡልቡል። ሌላ ጊዜ ቢሆን ስንቱን በቀደድኩለት ነበር! ያን ቀን ግን ብዮቹን መዳፌ ውስጥ ጨበጥኩ። ብዮቹን ለጋሼ ልሰጣቸው አስቤያለሁ። ለእግዜር ሌላ ምን ይሰጣል? ያለኝ ብይ ብቻ ነው።

ምላጭ ከየት መጣች ሳልል እጅጌዬን ያዘችኝ።

«ና።»

«ወዴት?»

«ቃል የገባሁት እንዳልናገር ነው። እንዳላሳይ ግን አልተባልኩም።»

ጎትታ በአጥሩ ክፍተት አሾለከችኝ። ቤታቸው በር ላይ ስደርስ ከፀሐይ ነበር የመጣሁትና ምንም አልታየኝም። ቆይቶ ዓይኔ ለመደ። ጋሼ ወንበር ላይ እንደተቀመጠ እንቅልፍ ወስዶታል። ካፖርቱ ጉልበቱ ላይ ነው፣ ውሃው ወለሉ ላይ ጠብ ጠብ ይላል። አውራ ጣቱ ላይ ስቱኮ ተጣብቋል። እግዜር ያንኮራፋል።

ከዚያ መስኮቱን አየሁ። ካርቶን፣ ካርቶን፣ ካርቶን፣ ካርቶን። አራት። ሒሳብ ላይ ደካማ ነኝ፣ እስከ አራት ግን እችል ነበር። አንድ የሳተ ድንጋይ፣ ሁለት ፈተና፣ አንድ ደግሞ ለብይ።

ከመስኮቱ ሥር አልጋው ነው። አልጋው ላይ እትዬ ናት። ትራሷ ወደ መስኮቱ ዞሯል። ሁለት ዓመት ሙሉ መንገዱን፣ አላፊ አግዳሚውን፣ ምላጭ ከትምህርት ቤት ስትመጣ፣ ምናልባትም እኔን ድንጋይ ሳነጣጥር፣ በዚያች መስኮት ስታይ ነበር። አሁን የምታየው የሳሙና ማስታወቂያ ነው። እኛ ከክፍላችን ሳንባረር ያደርነው በእትዬ መንገድ ዋጋ ነበር። እሷ በአንድ ቃል «ውሰደው» ብላ፣ ያውም ስቃ፣ ሰጥታናለች።

ብዮቹ ከእጄ አምልጠው ወለሉ ላይ ተንከባለሉ። ጋሼ አልነቃም። በሩ መሐል ተገትሬ አለቀስኩ። ተይዞ የሚያለቅስ ልጅ ዓይነት ልቅሶ አልነበረም፤ ያንን አሳምሬ እችለዋለሁ። ይሄ ሌላ ነው፣ ከየት እንደሚመጣ አላውቀውም። ምላጭ እንኳን ዞር ብላ ግድግዳ አየች።

«እትዬ... እኔ ነኝ... አራቱንም... እኔ ነኝ...»

እትዬ አንገቷን ቀስ አድርጋ አዞረች። ከእግሬ እስከ ራሴ አየችኝ።

«ታዲያ አንተ መሆንህን መች አጣሁት! ወይ ግባ ወይ ውጣ እንጂ፣ የቀረችንን ብርሃን በሩ ላይ ተገትረህ አትጋርድብኝ!»